ሊንክ አለኝ በአማዞን

«ተኝታችሁ ዶላር ሥሩ» የሚለውን ማስታወቂያ ያላየ የእኔ ዘመን ሰው ያለ አይመስለኝም። ቴሌግራም ላይ አለ፤ ቲክቶክ ላይ አለ፤ ዩቲዩብ ላይ አለ። አንድ ልጅ ላፕቶፑን ከፍቶ የገቢ ስክሪንሾት ያሳያል። ዌብሳይት ትከፍታላችሁ፣ የአማዞንን ሊንክ ትለጥፋላችሁ፣ ሰው በሊንካችሁ ገብቶ ሲገዛ ኮሚሽኑ ለእናንተ ይገባል ይላል። ስሙም አፊሊየት ይባላል። ከዚያ ወደ ኮርሱ ይሻገራል። ኮርሱ በብር ነው፤ የሚከፈለውም በቴሌብር። ልብ በሉ፦ ዶላሩ ለተማሪው አንድ ቀን ይመጣል፤ ብሩ ግን ለአስተማሪው ዛሬውኑ ገብቷል።

እኔ ኮድ ጽፌ የምተዳደር፣ ቂሊንጦ የምኖር ሰው ነኝ። አፊሊየት ውሸት ነው ልላችሁ አልመጣሁም። ሥራው እውነተኛ ሥራ ነው። ውሸቱ ያለው በሚሸጥልን ትምህርት ውስጥ ነው። የሚያናድደኝ ደግሞ የሚበላን ብር ብቻ አይደለም፤ እዚሁ አገራችን ውስጥ ሊሠራ የሚችለውን እንዳናይ ዓይናችንን ውቅያኖስ ማዶ መትከሉ ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን በአማርኛ ስሙ እንጥራው፤ አፊሊየት ድለላ ነው። ይህን የምለው ለማንቋሸሽ አይደለም። እኛ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ሊከራይ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ደላላውን ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ወይም ቢራ ፋብሪካው ውስጥ ሥራ ያገኘው፣ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር የመጣው፣ የመሀል ከተማ ኪራይ ያባረረው፣ ሁሉም በእሱ በኩል ያልፋል። ደላላው ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሦስት ነገር ስላለው ነው። አንደኛ፣ ቤቱን ገብቶ አይቶታል፤ የትኛው ብሎክ ውሃ እንደሚደርሰው፣ የትኛዋ አከራይ ልጅ ያለው ተከራይ እንደማትፈልግ ያውቃል። ሁለተኛ፣ ፈላጊው አጠገቡ ነው፤ የመክፈል አቅምም ይዞ የመጣ ነው። ሦስተኛ፣ ቁልፍ ሲሰጥና ብር ሲቆጠር እዚያው ይቆማል፤ ዘለውት ሊሄዱ አይችሉም። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ውሎ ባዶ እጁን ቤቱ ይገባል።

እስቲ በዚህ ሚዛን የሚሸጥልንን ሕልም እንመዝነው።

አማዞን ይህን አሠራር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ቴክኒኩ ቀላል ነው። ሊንኩ ውስጥ የእናንተ መለያ ኮድ አለ። አንባቢ ሲነካው ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ ኩኪ የሚባል ትንሽ ማስታወሻ ይቀመጣል፤ ሰውየው ሲገዛ ሱቁ ማስታወሻውን አይቶ «ይህን ገዢ ያመጣው እከሌ ነው» ይላል። የአማዞን ማስታወሻ ዕድሜው 24 ሰዓት ነው። ገዢው በዚያ ጊዜ ውስጥ ዕቃውን ቅርጫት ውስጥ ካልከተተና በማግስቱ አስቦበት ከተመለሰ፣ ለእናንተ ምንም የለም። በተመዘገባችሁ በ180 ቀን ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሽያጭ ካላመጣችሁ ደግሞ መዝገባችሁ ይዘጋል። ራሳችሁ ብትገዙ አይቆጠርም።

እንግዲህ ዌብሳይታችሁ በአማርኛ ነው፣ አንባቢዎቻችሁም አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ናቸው እንበል። ስንቱ ነው በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው? ካርዱ ያለውስ ቢሆን፣ የማጓጓዣውንና የጉምሩኩን ሲደምር መርካቶ ወርዶ መግዛት አይሻለውም? ፈላጊ የለም ማለት ነው። የደላላው ሁለተኛ ነገር እዚህ ላይ ጎደለ።

ቢሳካስ? እንቁጠረው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2020 ዓለም ቤቱ ተዘግቶ በኢንተርኔት ሲገዛ አማዞን ኮሚሽኑን ቀነሰ፤ የቤት ዕቃ ከ8 ወደ 3 በመቶ፣ ሄድፎን ከ6 ወደ 3 በመቶ፣ ምግብ ነክ ሸቀጥ ከ5 ወደ 1 በመቶ ወረደ። የደላላን ድርሻ በአንድ ቀን በግማሽ የሚቆርጥ አከራይ ቂሊንጦ ውስጥ ቢገኝ፣ ደላሎቹ ተመካክረው ተከራይ አያመጡለትም ነበር። እዚያ ግን የምትመካከሩት ከማን ጋር ነው? በ30 ዶላር ከሚሸጥ ሄድፎን 3 በመቶ ማለት 90 ሳንቲም ነው። በቼክ ለመቀበል ቢያንስ 100 ዶላር መሙላት አለባችሁ፤ ያ 112 ሄድፎን ነው። ከመቶ ጎብኚ አንዱ ይገዛል ብለን በልግስና ብናስብ እንኳ ከ11 ሺህ በላይ ጎብኚ ያስፈልጋል። ከመቶው ላይ ደግሞ 15 ዶላር የቼክ ማስኬጃ ይቆረጣል። ቼኩን እዚህ ማን ይመነዝረዋል ሲባል መልሱ ብዙ ጊዜ «አሜሪካ ዘመድ የለህም?» ነው። ዶላሩ በአክስትህ ስም ይገባል፤ የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢም የሚጠይቀው እሷን ነው። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። የደመወዝተኛ ልጅ ደመወዙ ባለበት ቆሞ ዶላር ሲሸሸው አየ። «ዶላር ሥሩ» የሚለው ድምፅ ከዚያ ወዲህ ጆሯችን ላይ የሚጮኸው ለዚህ ነው። ኮርስ ሻጩ የሚሸጠው ዕውቀት ሳይሆን ያንን ጭንቀት ነው።

«ታዲያ በእንግሊዝኛ ለአሜሪካኖች ጻፉ» ይሉናል። እሺ። በዚያ ሜዳ የሚገጥማችሁ ማን እንደሆነ እወቁ። ዋየርከተር የሚባል ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2011 ተመሥርቶ በ2016 ኒው ዮርክ ታይምስ በ30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶታል። ገቢው ይኸው እኛ የምናወራው አፊሊየት ነው። ግን ሰዎቹ ዕቃውን ያመጡታል፣ ይፈቱታል፣ ለሳምንታት ይጠቀሙበታል፤ ከዚያ «ይህን ግዙ፣ ያኛውን ተዉት» ይላሉ። የእኛ ኮርስ ደግሞ ምን ያስተምራል? በእጅህ ያልነካኸውን የቡና ማሽን ኤአይ ጽፎ እንዲያሞግስልህ። ጉግል እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 በጅምላ የሚመረቱ እንዲህ ያሉ ገጾችን ከፍለጋ ውጤት እንደሚያወርድ በደንቡ ላይ ጽፎ አስታውቋል። ለነገሩ ጉግል ባይቀጣስ? ያላየውን ቤት «ፀሐይ የሚገባው፣ ውሃ የማይጠፋበት» እያለ የሚያከራይ ደላላ ምን ይባላል? ሌባ ይባላል። እንግሊዝኛ ስለሆነ ስሙ አይቀየርም።

«እኔ የማውቀው ልጅ ግን ያገኛል» የሚል አይጠፋም። ያገኛል፤ አምናለሁ። እንዴት እንደሚያገኝ ብታዩት ግን የእኔን ክርክር ያጠናክራል። አሜሪካ የሚኖሩ እናቶቻችን እንጀራ የሚጋግሩበት ምጣድ አንዱ፣ ኖርዌጃውያን ሌፍሴ ለሚሉት ስስ ቂጣ የተሠራው የቤታኒ ክብ ምጣድ ነው፤ ስፋቱ 16 ኢንች። ሲልቨር ስፕሪንግ ላለች አዲስ ሙሽራ፣ ይህ ምጣድ ለጤፍ ሙቀቱ ስንት ላይ ይሁን፣ ዓይን ያወጣል ወይስ ይለጠፋል፣ እንዴት ይሟሻል የሚለውን በአማርኛ የሚነግራት ሰው ትፈልጋለች። ያንን ጋግሮ ያየና በፎቶ ያሳየ ሰው ሊንኩን ቢያስቀምጥ ኮሚሽኑ ሐላሉ ነው። ፈላጊዋ ካርድ አላት፣ አድራሻ አላት፤ ጸሐፊው ዕቃውን ያውቀዋል። እንዲህ ያለው ግን ተኝቶ አይሠራም። ሊጥ ተቦክቶ፣ እጅ ተቃጥሎ ነው።

ከሁሉ የከፋው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ተማሪው ከአማዞን ሳንቲም ሲያጣ አስተማሪው አዲስ ሐሳብ ያመጣለታል፤ «የእኔን ኮርስ ሽጥ፣ ካመጣኸው ሰው ክፍያ ላይ ድርሻ አለህ፣ እሱም ሌላ ሲያመጣ እንደዚያው።» ይህን አፊሊየት ብለው ሲጠሩት እኔ ሥራዬ የተሰደበ ያህል ይሰማኛል። ደላላ የሚከፈለው ቤት ስላከራየ እንጂ ሌላ ደላላ ስላመጣ አይደለም። በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የፒራሚድ ሽያጭን የከለከለው በምክንያት ነው፤ ዕቃው ሰበብ ሆኖ ገንዘቡ የሚመጣው ከአዲስ ገቢዎች ኪስ ከሆነ፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ያለው ሁልጊዜ ይበላል። የመጨረሻው ረድፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ ያጣ የእኛው ጓደኛ ነው።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። እዚህ ምን ጎደለን? ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም ጀምሮ አለ፤ ተጠቃሚዎቹም ከ47 ሚሊዮን አልፈዋል። እንደ ቻፓ ያሉ ክፍያ አገናኞች አሉ፤ አንድ ሰው ሲከፍል ለሱቁ ሲስተም ወዲያው መልእክት ይልካሉ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2012 ዓ.ም ወጥቷል። ኮዱን በተመለከተ ደግሞ ልንገራችሁ፦ በሊንክ የመጣን ገዢ መዝግቦ ኮሚሽን የሚያሰላ ሲስተም አንድ ጎበዝ ተመራቂ በወር ውስጥ ይሠራዋል። ፈላጊውም አለ። ላፕቶፕ፣ የሶላር መብራት፣ የሕፃን ጋሪ፣ የእንጀራ ምጣድ ሳያማክር የሚገዛ ማን አለ?

የጎደለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ዋጋ ነው። የእኛ ሻጭ ቴሌግራም ላይ ፎቶ ይለጥፍና «ዋጋ በኢንቦክስ» ይላል። ለአንቺ አንድ ዋጋ፣ ለእኔ ሌላ። ያልታወቀ ዋጋ ላይ ኮሚሽን አይሰላም፤ ያልተጻፈ ዋጋ ሪቪው አይደረግም።

ሁለተኛው መዝገብ ነው። ከጓደኛዬ ጋር ላፕቶፕና ፓወር ባንክ እየፈተሽን የምንጽፍበት ገጽ ነበረን። አንድ ሱቅ «በእናንተ ኮድ ከመጣ ገዢ 3 በመቶ» ብሎ ቃል ገባልን። በሁለት ወር ውስጥ አንባቢዎቻችን ራሳቸው «ገዛን፣ ኮዱን ነገርናቸው» ብለው ጻፉልን። ሒሳብ ስንጠይቅ ባለሱቁ «ልጆቹ አልመዘገቡትም» አለ። በቃ። ማስረጃው በእሱ ደብተር፣ ደብተሩ በእሱ እጅ። የደላላው ሦስተኛ ነገር፣ ብር ሲቆጠር አጠገቡ መቆም፣ የጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ይህ የእኛ አገር በሽታ ብቻ ነው እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2024 አንድ ዩቲዩበር ሃኒ የተባለው የኩፖን መፈለጊያ፣ ገዢው ሊከፍል ሲል የሌላውን ሰው ኮድ አውጥቶ የራሱን ይተካል ብሎ አጋለጠ። ሃኒን ፔይፓል በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የገዛው ነው። ፔይፓል «የዘርፉን ደንብ ነው የምንከተለው፤ ኮሚሽን ለመጨረሻው ሊንክ ነው የሚሰጠው» አለ፤ ይዘት ፈጣሪዎች ግን ክስ መሠረቱ። ትምህርቱ ግልጽ ነው። መዝገቡን አንድ ወገን ብቻ ከያዘው፣ ቢሊዮን ዶላርም ሆነ የሰፈር ሱቅ፣ ደላላው ይዘለላል።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ሻጮች፣ ዋጋችሁን ጻፉ፤ በሊንክ የመጣ ትእዛዝ ሁለታችሁም የምታዩት ቁጥር ይኑረው፣ ድርሻውም ክፍያው በተፈጸመበት ቅጽበት ይከፈል። የሙያ ጓደኞቼ፣ አሥራ አምስተኛውን የዴሊቨሪ አፕ ከመሥራት ይህን መዝገብ ሥሩ። ዌብሳይትና ቻናል ያላችሁ፣ ያልነካችሁትን አታሞግሱ፤ ኮሚሽን የምታገኙበትን ሊንክ ደግሞ «ከዚህ ድርሻ አለኝ» ብላችሁ ከላዩ ጻፉ። አሜሪካ ውስጥ ይህ ግዴታ ነው፤ እዚህ ማንም ባያስገድደን እንኳ አንባቢ አንዴ ከተታለለ ሁለተኛ አይመለስም።

ኮርስ ልትገዙ ያላችሁት ደግሞ፣ ከመክፈላችሁ በፊት አስተማሪውን አንዲት ጥያቄ ጠይቁት፦ «ባለፈው ዓመት ከዌብሳይትህ ያገኘኸውንና ከኮርስህ ያገኘኸውን ለየብቻ አሳየኝ።» ካሳየህ ተማርበት። ብሎክ ካደረገህ ደግሞ ትምህርቱን በነፃ አግኝተሃል።