ሱስ የያዘው ተማሪ ወዴት ይሂድ?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚኖር ተማሪ ከሳሪስ እስከ ጀሞ ሲመላለስ ጫት መሸጫና መጠጥ ቤት ሳያይ አይውልም። ስለ ሁለቱ ጎጂነት ብዙ ተብሏል፤ እኛም ደግመን አንሰብክም። ያልተባለው ሌላ ነው፤ ይኸውም ሱስ የጸናበት ወንድማችን «ልተው» ብሎ የቆረጠ እንደ ሆነ በዚያች ሌሊት ማን ይጠብቀዋል? የሚለው ነው።

ሌሊት ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ዕለት ዕለት አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው ድንገት ሲያቋርጥ ከጥቂት ሰዓት በኋላ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ያልበዋል፤ እንቅልፍም ያጣል። በ2 ቀን ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፤ ከዚያም የሌለ ነገር እያየ ይቃዣል፤ ካልታከመም ለሞት ያደርሰዋል። ጓደኞቹ ግን «አበደ» ብለው አስረው ያሳድሩታል። ጠበል መሄዱን ማንም አይነቅፍም፤ ሕክምናው አብሮ ይሁን እንጂ። ሐኪሙ መድኃኒቱን አዝዞ ይሄዳል፤ በየሰዓቱ የልብ ትርታውን የምትቆጥረው፣ መንቀጥቀጡን እየመዘገበች መድኃኒቱ ይጨመር ወይም ይቀነስ ብላ የምታሳስበው፣ ቫይታሚን ቢ 1 የምትሰጠው ነርስ ናት። የጫት ሱስማ የታወቀ መድኃኒት እንኳ የለውም፤ ሕክምናው በአብዛኛው ምክር ነው። ከምሳ በኋላ ያለችው ሰዓት በምን ትሞላ? ዳግመኛ የጀመረስ ሳይሰደብ እንዴት ይመለስ? ይህን የሚያወያይ ሰው ያስፈልጋል።

ይህን ሥራ ለነርሶች ማመን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1987 የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ሲጀምር፣ ለመላው አገር የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ነርሶቹም ከአዲስ አበባ ውጭ ተመድበው ሐኪም ባልደረሰበት ራሳቸው መርምረው አከሙ። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ መጠጥ ያዘጋጀውን 10 ጥያቄ ማንኛዋም የሠለጠነች ነርስ በጥቂት ደቂቃ ትጠይቃለች።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመጠጥ ማስታወቂያን ከራዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላውም መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል። መልካም ነው። ነገር ግን አዋጅ የነገውን ጠጪ ይከለክል እንደ ሆነ እንጂ የዛሬውን አያስታምምም።

አንዳንድ መምህራን «ሱሰኛ ተማሪ ይባረር፤ ሌላውን ያበላሻል» ይላሉ። መምህሮቻችንን እናከብራለን፤ ሆኖም መባረርን የሚፈራ ተማሪ ከክሊኒክ ይሸሻል እንጂ ከጫቱ አይሸሽም። በመተላለፊያው ላይ፣ ተራ በሚጠብቅ ሰው ፊት «ምን ትጠቀማለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪስ እውነቱን ይናገራልን? ጨጓራዬን አመመኝ ብሎ ክኒን ተቀብሎ ይወጣል እንጂ።

ስለዚህ የማኅበራችን ጥያቄ ሦስት ነው። ለግቢያችን ክሊኒክ በሱስ ሕክምና የሠለጠነች አንዲት ነርስ ትመደብ፤ በሯ የሚዘጋ ክፍል ይሰጣት፤ የተነገራትም ቃል ወደ ሥነ ሥርዓት ኮሚቴ እንዳይሄድ በጽሑፍ ይረጋገጥ። ማመልከቻው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ መምህራንም ተማሪዎችም እየመጣችሁ ፈርሙ።