ለእስረኞች የለመኑት የክሪኬት ጀግና፦ የኢምራን ካን ታሪክ ለእናንተ ምን ይነግራል?

ሪያድ፦ አርብ ዕለት ከከተማው ዳር ባሉ ባዶ ሜዳዎች በኩል ካለፋችሁ ሳታዩ አትቀሩም፤ ጠፍጣፋ ዱላ የያዘ ወጣት፣ ከፊቱ ኳስ የሚወረውርለት ጓደኛው፣ ዙሪያውን የሚጮኹ የፓኪስታን፣ የሕንድና የባንግላዴሽ ሠራተኞች። ጨዋታው ክሪኬት ይባላል። የምትሠሩበት ቤት ሾፌር ፓኪስታናዊ ከሆነ ደግሞ የአንድ ሰው ስም ሳትሰሙ አልቀራችሁም፤ ኢምራን ካን።

የእኚህ ሰው ታሪክ የስፖርት ወሬ ብቻ አይደለም። በሳዑዲ እስር ቤት ያሉ ስደተኛ ሠራተኞችንም ይነካል።

በክሪኬት አብዛኛው ተጫዋች ወይ ኳስ በመወርወር ወይ በመምታት ይታወቃል። ሁለቱንም አሳምሮ የሚችል ጥቂት ነው። ኢምራን ካን ከእነዚህ ሁለገቦች አንዱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1971 ቴስት በሚባለው፣ እስከ አምስት ቀን በሚዘልቀው የአገሮች ግጥሚያ ተሰለፉ። በ88 ቴስቶች 3,807 ነጥብ አስቆጥረዋል፤ በውርወራቸው ደግሞ 362 ጊዜ መቺ ከሜዳ አስወጥተዋል። በ1992 ሜልበርን ላይ ፓኪስታን እንግሊዝን አሸንፋ የዓለም ዋንጫ ስታነሳ አምበሏ እርሳቸው ነበሩ፤ ያኔ 39 ዓመታቸው ነበር። በዝናቸው ገንዘብ አሰባስበውም በካንሰር በሞቱት እናታቸው ስም በ1994 ላሆር ውስጥ የካንሰር ሆስፒታል ከፈቱ። በ1996 ፓርቲ መሠረቱ፤ በኦገስት 2018 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

እናንተን የሚመለከተው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በፌብሩዋሪ 2019 የሳዑዲ አልጋ ወራሽ መሐመድ ቢን ሳልማን ኢስላማባድን ሲጎበኙ፣ ኢምራን ካን በሰው ሁሉ ፊት አንድ ልመና አቀረቡ። በሳዑዲ የታሰሩት 3,000 ገደማ ፓኪስታናውያን ቤተሰባቸውን ጥለው ለእንጀራ የወጡ ድሆች ናቸውና ጉዳያቸው ይታይላቸው አሉ። አልጋ ወራሹም በሳዑዲ የፓኪስታን አምባሳደር አድርገው እንዲቆጥሯቸው መለሱ። ወዲያው 2,107 እስረኞች እንዲፈቱ መታዘዙ ተነገረ።

ለኢትዮጵያውያን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚያ ዘጠኝ ወር ቀደም ብሎ፣ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሳዑዲን ሲጎበኙ 1,000 ኢትዮጵያውያን እስረኞች እንደሚፈቱ ተገልጾ ነበር። መሪ ስለ ሠራተኛው አፍ አውጥቶ ሲናገር የተዘጋ በር ይከፈታል።

ነገሩ ግን እዚህ ላይ አላበቃም። የፓኪስታን የመብት ተሟጋቾች ከወራት በኋላም አፈታቱ እንደተባለው አልሆነም ብለው ሲያማርሩ ነበር። ለማኙም በሥልጣን አልቆዩም። በኤፕሪል 2022 ፓርላማው መተማመኛ ድምፅ ነፍጎ አወረዳቸው። በኦገስት 2023 ታሰሩ፤ በጃንዋሪ 2025 በሙስና ክስ 14 ዓመት ተፈረደባቸው። እርሳቸውና ደጋፊዎቻቸው ክሱ ፖለቲካ ነው ይላሉ። የሆነው ሆኖ፣ ለእስረኞች የለመኑት ሰው ራሳቸው እስረኛ ሆኑ።

ከዚህ የምትወስዱት ምንድን ነው? ምሕረት የሚደርሰው ሰው ከታሰረ በኋላ ነው፤ እሱም መሪዎች ሲገናኙና ሲስማሙ። ስማችሁና የፓስፖርት ቁጥራችሁ የማይታወቅ ከሆነ ደግሞ ስለ እናንተ ማን ይጠይቃል? ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠብቃችሁ ወረቀታችሁ ነው።

የሳዑዲ ደንብ የቤት ሠራተኛ በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት እንድታገኝ፣ በቀን ከ10 ሰዓት በላይ እንዳትሠራ ይላል። አሠሪ ፓስፖርት መያዝ አይፈቀድለትም። ደመወዝ በባንክ ወይም በስልክ ቦርሳ እንዲከፈል የሚያዘው አሠራርም ከጁላይ 2024 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሥራ ላይ ውሏል። በሙሳነድ የተመዘገበ ውል ካላችሁ ይህን ሁሉ ለመጠየቅ ማስረጃ አላችሁ። ከቤት ጠፍቶ መሥራት ግን ሁሩብ ያስመዘግባል፤ ያኔ የቀረ ደመወዝ መጠየቅ እጅግ ይከብዳል።

ዛሬ ማታ ሥራ ስትጨርሱ የፓስፖርታችሁን፣ የኢቃማችሁንና የውላችሁን ፎቶ አንሡና አገር ቤት ለምታምኑት ሰው ላኩ። አሠሪያችሁ ማን እንደሆነና ቤቱ የት ሰፈር እንደሆነም ጻፉለት። አንድ ቀን ችግር ቢገጥማችሁ፣ ሪያድ ያለው ኤምባሲ ደጃፍ ላይ ስለ እናንተ የሚጠይቅ ሰው ይህን በእጁ ይዞ ይቅረብ።