«መጽሐፉ ይሻላል» ብቻውን አይበቃም

ወዳጆች ሰብሰብ ብለው ስለ አንድ ፊልም ሲጫወቱ፣ መጽሐፉን ያነበበው ሰው «መጽሐፉ ይሻላል» ብሎ ጨዋታውን ይዘጋዋል፤ ፈርዶ ሲያበቃም ቡናውን ፉት ይላል። ፍርዱ አንዳንዴ ልክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚነግረን ሰውየው ቀድሞ ማንበቡን ብቻ ነው። «ጎድፋዘር»ን እንውሰድ። ማሪዮ ፑዞ እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው ልቦለድ ስለ ዘፋኙ ጆኒ ፎንቴንና ስለ ሉሲ ማንቺኒ ገጽ በገጽ ይተርካል፤ የ1972ቱ ፊልም ግን ሁለቱን በጥቂቱ አሳይቶ ያልፋቸውና ዓይኑን ከዋናው ገጸ ባሕርይ ከማይክል ላይ አይነቅልም። የማይክል አባት የቪቶ ወጣትነት ደግሞ ለ1974ቱ ሁለተኛ ክፍል ተላለፈ። ቆራጩም መጽሐፉን የማያውቅ ባዕድ አይደለም፤ የፊልም ጽሑፉን ከዳይሬክተሩ ከኮፖላ ጋር የጻፈው ፑዞ ራሱ ነው። በተቆረጠው ምትክ ካሜራው የአንድ ሕፃን ክርስትናንና ግድያዎችን እያፈራረቀ ያሳየናል፤ ማይክል ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሰይጣንን እክዳለሁ ሲል፣ ውጭ በእሱ ትእዛዝ ሰው ይረግፋል። እዚህ ላይ ፊልሙ ረታ ባይ ነኝ። በእኛም አገር ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልቦለድ በሬዲዮ ሲተርከው፣ መጽሐፉን በእጁ ያልነካ ብዙ ሰው ከልቦለዱ ገጸ ባሕርይ ከጉዱ ካሳ ጋር ተዋወቀ፤ ድምፁ ለመጽሐፉ ጨመረለት እንጂ አልቀነሰበትም። ስለዚህ ክርክሩ ይቅር አልልም፤ እንዲያውም ይድመቅ። ብቻ «ይሻላል» ያለ ሰው ምን እንደተቆረጠ፣ በቦታውስ ምን እንደገባ ይንገረን። ይህን መናገር ካቃተው፣ «አንብቤዋለሁ» ማለቱ ከጉራ አያልፍም።