ቁልፉ በማን እጅ ነው? የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት የቅጂ መከላከያና የአንባቢው መብት

የታተመ መጽሐፍ የገዛ ሰው ባነበበ ቁጥር የሻጩን ፈቃድ አይጠይቅም። ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ የገዛ ወይም የተዋሰ አንባቢ ግን በአብዛኛው ፋይሉን ተቆልፎ ይቀበላል፤ መክፈቻውም የሚሰጠው ከሻጩ ወይም ከአከፋፋዩ ሰርቨር ነው። በስፋት ከሚሠራባቸው አንዱ የሆነው የአዶቢ ሥርዓት፣ ለምሳሌ፣ አንባቢው መሣሪያውን በኢንተርኔት አማካይነት እንዲያስመዘግብ ይጠይቃል፤ በአንድ መለያ የሚመዘገቡት መሣሪያዎችም በመደበኛው ከ6 አይበልጡም። የአሠራሩ ዓላማ የደራሲንና የአሳታሚን ጥቅም ማስከበር ነው፤ ዓላማውም ተገቢ ነው። አከራካሪው ነጥብ በሕጋዊው አንባቢ ላይ የሚጥለው ሸክም ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም፣ ቁልፉ ያልተፈቀደ ሥርጭትን ሲገታ ፍትሐዊ ሊሆን እንደሚችል፣ በሕጋዊ መንገድ የተገኘን መጽሐፍ ከማንበብና ጠብቆ ከማቆየት ሲከለክል ግን ፍትሐዊነቱን እንደሚያጣ ነው።

ኔትወርክ በሌለበት ከተማ

ለዚህ ክርክር መቐለ መመዘኛ ናት። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲቀሰቀስ በትግራይ የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋረጠ፤ ለከተማዋ ነዋሪ የተመለሰው የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ ከወራት በኋላ ነው። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ባንኮችም አገልግሎት አቁመው ነበር። በዓዲ ሓቂ ግቢ ይማር የነበረ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከጦርነቱ በፊት ለመመረቂያ ጥናቱ አምስት የተቆለፉ መጻሕፍት ገዝቶ ነበር እንበል። ቀድሞ በተመዘገበው ኮምፒውተር ላይ የወረዱት ያለ ኢንተርኔትም ይከፈቱለታል። ኮምፒውተሩ ቢበላሽ ወይም ቢዘረፍ ግን፣ ፋይሎቹን በፍላሽ አስቀምጧቸው እንኳ ቢሆን፣ በሌላ መሣሪያ ሊከፍታቸው አይችልም፤ አዲሱን መሣሪያ የሚያስመዘግብበት መስመር የለምና። በውሰት የያዘው መጽሐፍም ቀኑ ሲደርስ በራሱ ይዘጋል። እንደገና ልግዛ ቢል ባንኩ ዝግ ነው። ከጎረቤቱ የተዋሰው የወረቀት መጽሐፍ ግን በኩራዝ ብርሃንም ይነበባል።

ችግሩ በጦርነት ጊዜ ብቻ የሚከሠት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ማይክሮሶፍት የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት መደብሩን ሲዘጋ፣ ደንበኞች የገዟቸው መጻሕፍት መከፈት አቆሙ። ገንዘባቸው ተመለሰላቸው፤ መጻሕፍቱ ግን አልተመለሱም። በመቐለ ኔትወርክ የነጠቀውን በዚያ የኩባንያ ውሳኔ ነጠቀው።

ሕግ የፈቀደውን ቁልፍ ሲከለክል

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመታት የሚዘልቅ የኢኮኖሚ መብት ይሰጣል። ይኸው አዋጅ ለአንባቢውም ቦታ ትቷል፦ ለማስተማር የሚደረግን ማባዛት በገደብ ይፈቅዳል፤ ቤተ መጻሕፍትም የጠፋን፣ የወደመን ወይም ከጥቅም ውጭ የሆነን ቅጂ ለመተካት እንዲያባዙ ይፈቅዳል። የተቆለፈ ፋይል ይህን ልዩነት አያውቅም። ሺህ ቅጂ አባዝቶ ለመሸጥ ያሰበውንም ሆነ የወደመ መጽሐፍ የሚተካውን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በአንድ ዐይን ያያል። ሕግ አውጪው በደራሲና በአንባቢ መካከል ያስቀመጠው ሚዛን፣ ሕዝብ ባልመከረበት የኩባንያ ቴክኒካዊ ውሳኔ ይሻራል ማለት ነው።

መፍትሔው በሕግ ዓለም እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የተቀላቀለችው የማራካሽ ስምምነት፣ ማየት የተሳናቸው አንባቢያን በተደነገጉላቸው ልዩ ፈቃዶች እንዳይጠቀሙ ቴክኒካዊ መከላከያ ዕንቅፋት እንዳይሆን አባል አገራት እርምጃ እንዲወስዱ ያስገድዳል። ይህ መርህ ለቤተ መጻሕፍትና ለትምህርት ለተሰጡት ፈቃዶችም ሊዘረጋ ይገባል።

የደራሲው አቤቱታ

በቴሌግራም ያለ ፈቃድ የሚዘዋወሩ የአማርኛ መጻሕፍት ደራሲውን የድካሙን ዋጋ ያሳጡታል። ይህ አቤቱታ ሊቃለል አይገባውም። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ቅጂዎች ብዙዎቹ ከታተመ መጽሐፍ ገጽ በገጽ በስካነር ወይም በስልክ ካሜራ የተነሡ ናቸው፤ ኤሌክትሮኒክ ቁልፍ አይደርስባቸውም። ቁልፉ የሚይዘው ከፍሎ የገዛውን ነው። ቶር የተባለው የሳይንሳዊ ልቦለድ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2012 ቁልፉን ከመጻሕፍቱ አንሥቷል፤ የብሪታንያው ቅርንጫፉም ከአንድ ዓመት በኋላ በሕገ ወጥ ሥርጭቱ ላይ ጎልቶ የሚታይ ጭማሪ እንዳላየ አስታውቋል። የአንድ አሳታሚ ተሞክሮ ለሁሉም ማስረጃ ባይሆንም፣ የማስረዳቱን ሸክም ወደሚቆልፈው ወገን ያዛውራል።

የአገሪቱ የመጻሕፍት ባህልም በዚህ ላይ የሚለው አለው። በብራና መጻሕፍት ላይ መጽሐፉን የሚሰርቀውን ወይም የሚፍቀውን የሚያወግዝ ቃል መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። ውግዘቱ በሌባውና በአጥፊው ላይ ያርፋል፤ አንባቢውንና ገልባጩን አይነካም። በትግራይ ገዳማት ብዙ ድርሰቶች ለዚህ ትውልድ የደረሱትም ስለተገለበጡ ነው።

ምን ይደረግ?

ሦስት እርምጃዎች ተገቢ ናቸው። አንደኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ውል ሲፈርሙ፣ ያልተቆለፈ የመጠባበቂያ ቅጂ የመያዝ መብት በውሉ እንዲካተት ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ መከላከያ የግድ ከሆነ፣ እንደ ሪዲየም ኤልሲፒ ያለ፣ አንባቢው በሚያውቀው የይለፍ ሐረግ ያለ ቋሚ ኢንተርኔት የሚከፈት ሥርዓት ወይም የገዢውን ማንነት በፋይሉ ላይ የሚያሰፍር ምልክት ይመረጥ። ሦስተኛ፣ አዋጁ ሲሻሻል ቴክኒካዊ ቁልፍ በሕግ የተፈቀደን አጠቃቀም ሊሽር እንደማይችል፣ መደብሩን የሚዘጋ ሻጭም ለገዢዎቹ መክፈቻውን የመስጠት ግዴታ እንዳለበት በግልጽ ይደንገግ።

ውል የሚፈርም የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ለአከፋፋዩ አንድ ጥያቄ ቢያቀርብ ይበቃል፦ ኔትወርኩ ለሁለት ዓመት ቢቋረጥ እነዚህ መጻሕፍት ይነበባሉ? በመቐለ ይህ ጥያቄ ከምናብ የመነጨ አይደለም።