እንቢ ያለ ፍላሽ ሁሉ የሞተ አይደለም

በመመረቂያችን ዓመት፥ የጥናት ጽሑፍ በሚቀርብበት ቀን ዋዜማ፥ ከጓደኞቻችን አንዱ ፍላሹን ይዞ ወደ ክፍላችን እየሮጠ መጣ። ቀኑን ሙሉ በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ሲሠራበት የዋለው ፍላሽ በእኛ ሊኑክስ ላይ አልከፈትም አለ። በዙሪያው የነበሩት ሁሉ በአንድ ድምፅ «ፎርማት አድርገው!» አሉት፤ አደረገው። ፍላሹ ተከፈተ፤ ግን ባዶውን ነበር። የወራት ድካም በአንድ ቁልፍ ጠፋ። ይህን ያነሣነው ጓደኛችንን ለመውቀስ አይደለም፤ ከመካሪዎቹ መካከል እኛም ነበርንበት።

ሕመምተኛውን ሳይጠይቅ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ቢኖር ሁላችንም እንኰንነዋለን። በፍላሽ ላይ ግን በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

በሊኑክስ ዘንድ ፋይሎች ሁሉ ከአንድ ሥር በሚነሣ ዛፍ ላይ ይገኛሉ። ፍላሽም ሲሰካ በዚሁ ዛፍ ላይ እንደ ቅርንጫፍ ይቀጠላል፤ ማውንት ማድረግ የሚባለው ይህ ነው። ኮምፒዩተሩ በፍላሹ የፋይል ሥርዓት ላይ ጉድለት ያገኘ እንደ ሆነ አልቀጥልም ሊል፥ ወይም ማንበብን ፈቅዶ መጻፍን ሊከለክል ይችላል። ብዙዎች በዚህ ተናደው «ሊኑክስ አበላሸብን» ይላሉ። እኛ ግን እንቢታው ጥበቃ ነው እንላለን፤ በተናጋ መሠረት ላይ ካብ መካብ ጉዳቱን ያብሳልና።

ጉድለቱም አብዛኛውን ጊዜ ከችኰላ የሚመጣ ነው። ፋይል ስንገለብጥ ኮምፒዩተሩ ጽሑፉን በመጀመሪያ በራሱ ሜሞሪ ይይዝና ቀስ በቀስ ወደ ፍላሹ ያስተላልፋል። በመስኮቱ ላይ ተፈጸመ ቢባልም ሥራው ገና ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ነቅለን የሄድን እንደ ሆነ፥ ፍላሹ ተጀምሮ እንዳላለቀ ደብዳቤ ይቀራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አስቀድሞ ፍላሹን በሌላ ቀዳዳ መሰካት ነው። ቀጥሎ በተርሚናሉ ላይ «ኤል-ኤስ-ቢ-ኤል-ኬ» የተባሉትን አምስት የላቲን ፊደሎች መጻፍ ነው፤ የተሰኩት ዲስኮች ሁሉ ይዘረዘራሉ። ፍላሹ በሌላ ኮምፒዩተርም ላይ ከዝርዝሩ ከጠፋ፥ የተጐዳው አካሉ ሳይሆን አይቀርም። ከዝርዝሩ ካለ ግን ተስፋ አለ። ከዚያም «ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ» ብሎ በአስተዳዳሪ ፈቃድ መጠየቅ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ያጋጠመውን በጽሑፍ ይናገራል። በአግባቡ ሳይነቀል ቀርቷል የሚል መልእክት ቢገኝ፥ «ኤፍ-ኤስ-ሲ-ኬ» የተባለው መርማሪ ብዙውን ጊዜ ያቃናዋል፤ ኤንቲኤፍኤስ የሆነውን ግን ወደ ዊንዶውስ ወስዶ ማስመርመር ይሻላል። የፋይል ሥርዓቱን ዓይነት አላውቀውም ቢል ደግሞ ፍላሹ ደኅና ሆኖ ሊኑክሱ ያረጀ ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ ኤክስፋት ከሊኑክስ ከርነል ጋር የተዋሐደው እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ነው።

በውስጡ ያለው ሰነድ ብርቱ ከሆነ ግን ከማናቸውም ጥገና በፊት የፍላሹን ሙሉ ቅጂ ወደ ሌላ ዲስክ መውሰድ ይገባል። በዚህም ጊዜ ስም መለየት ያስፈልጋል። «ኤስ-ዲ-ኤ» የኮምፒዩተሩ የራሱ ዲስክ፥ «ኤስ-ዲ-ቢ» ፍላሹ ሊሆን ይችላል፤ በአንዲት ፊደል የተሳሳተ ሰው ቤቱን ሙሉ ያፈርሳል። ፎርማት የሚደረገው ይህ ሁሉ ተሞክሮ፥ ወይም በፍላሹ ውስጥ የሚያሳሳ ነገር አለመኖሩ ተረጋግጦ ነው።

ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ በኪሱ የሚይዘው የራሱን ድካም ብቻ አይደለም፤ የባለጉዳዩም ማመልከቻ፥ የመሥሪያ ቤቱም ሒሳብ በዚያች ጣት በምታህል ዕቃ ውስጥ አለ። ፍላሽ መልእክተኛ ነው እንጂ መዝገብ ቤት አይደለም። ስለዚህ ሰነዱ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ ፍላሹም ከመነቀሉ በፊት ኮምፒዩተሩ ያሰናብተው። ይህ የሚወስደው ጥቂት ሰኮንድ ብቻ ነው። የቸኰለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ ጓደኛችን ግን የሚለቅመውም አላገኘ።