ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚዘገይ ክብደት

ከልክ ባለፈ ውፍረት ምክንያት ጨጓራውን በቀዶ ሕክምና ያሳነሰ ሰው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክብደቱ በፍጥነት ሲወርድ አይቶ ደስ ከተሰኘ በኋላ፣ ወር ሳይሞላው ሚዛኑ ባለበት ሲቆምበት፣ ቤተ ዘመዱ «ሆዱን መግታት አቅቶት ነው» እያለ ሲፈርድበት፣ እርሱም ፍርዱን አሜን ብሎ ተቀብሎ ያችኑ ጥቂት ምግቡን ደግሞ ሲቀንስ ማየት እጅግ የሚያሳዝን ነው። ይህ ፍርድ የሥጋን ጠባይ ካለማወቅ የመጣ ስለ ሆነ ሊታረም ይገባዋል።

አስቀድሞ የሚወርደው ክብደት ሁሉ ስብ አይደለም። በጉበትና በጡንቻ የሚቀመጠው ግላይኮጅን የተባለው ስንቅ፣ አንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ የሚኖር በመሆኑ፣ ስንቁ ሲያልቅ ውሃውም አብሮ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ስቡ ነው፤ የአንድ ኪሎ ስብ ኃይል 7,700 ካሎሪ ያህል ስለ ሆነ፣ በየቀኑ 1,000 ካሎሪ የሚጎድልበት ሰው እንኳ አንዱን ኪሎ ለመጨረስ ስምንት ቀን ገደማ ያስፈልገዋል።

በዚህም ላይ ሥጋ የተፈጠረበት የቁጠባ ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 አንሴል ኪስ የተባሉት ሊቅ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ ስለ ሕሊናቸው ጦር ላለማንሣት የወሰኑ 36 ወጣቶችን፣ በፈቃዳቸው ለስድስት ወር በቀን 1,570 ካሎሪ ያህል ብቻ እየመገቡ ቢመረምሯቸው፣ ክብደታቸው በሩብ ያህል ቀነሰ፤ ነገር ግን የልባቸው ምት ዘገየ፣ ብርድ ብርድ አላቸው፣ በዕረፍት ሳሉ ሰውነታቸው የሚያቃጥለውም ኃይል በ40 በመቶ ገደማ ወረደ። ክፉ ዘመን የመጣበት ባለጎተራ እህሉን እየሰፈረ እንደሚያወጣ፣ ሥጋም ሲጎድልበት ወጪውን ያጠባል። ቀዶ ሕክምናው ረኃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን በብዛት የሚመነጭበትን የጨጓራ ክፍል ቆርጦ ቢያወጣም፣ ይህን ሕግ አይሽረውም።

እርግጥ፣ ለስላሳ መጠጥና ጭማቂ በጠባቡ ጨጓራ ሳያጠግቡ እያለፉ ክብደቱን የሚያዘገዩበት ጊዜ አለና፣ የሚበላውንና የሚጠጣውን በእውነት መጻፍ ተገቢ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን፣ ታካሚው ክብደቴ ቶሎ እንዲወርድ ብሎ በጥቂቱ ምግብ ላይ ጾምን ሲደርብበት ነው። ሐኪሞች በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ ያዝዙታል፤ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ከቀሩ፣ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ያህል ፕሮቲን ብቻ ስላለው፣ ከስድስት መቶ ግራም በላይ ምስር መብላት ሊኖርበት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የቡና ስኒ ሁለት ያህል ምግብ የሚያጨናንቀው ጨጓራ ይህን ከየት ይችለዋል? ፕሮቲን ሲጎድል ከስቡ ጋር ጡንቻው ይሄዳል፤ ጡንቻው ሲሄድ ወጪው ይበልጥ ያንሳል፤ ክብደቱም ይበልጥ ይዘገያል። ፍትሐ ነገሥት ድውዩን ከጾም ግዴታ ነፃ ያደርገዋልና፣ ታካሚው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ለንስሓ አባቱ ሕመሙን ይንገር፤ ቤተ ዘመዱም ሚዛኑ ስንት እንዳለ መጠየቁን ትቶ፣ ዛሬ እንቁላሉን በልቷልን፣ የታዘዘለትን ቫይታሚን ወስዷልን ብሎ ይጠይቅ።