ኤስ.ኢ.ኦ. ክታብ አይደለም፣ ይፈታ!

ክታብ ሻጭ አንድ ደንብ አለው። በቆዳ ሰፍቶ ይሰጥዎታል እንጂ ውስጡ የተጻፈውን አያሳይዎትም። ፈተው ካዩት «ይረክሳል»። የዘመናችን ክታብ ደግሞ «ኤስ.ኢ.ኦ.» ይባላል። ድረ ገጽ ሠሪው ላፕቶፑን ከፍቶ «ኤስ.ኢ.ኦ. ገብቶለታል፣ ጎግል ላይ አንደኛ ይወጣሉ» ይላል፤ ባለ ሆቴሉ ራሱን ነቅንቆ ይከፍላል። ምን እንደገባለት አይጠይቅም። ቃሉ ራሱ ያስፈራላ!

እኔ እንግዲህ ስፌቱን ልፈታው ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ንብረቱ ተዘርፎ ከባዶ የጀመረ የደሴና የኮምቦልቻ ነጋዴ፣ ለማያውቀው ቃል የሚበትነው ትርፍ ብር የለውም። ደግሞም ቃላቱ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ኤስ.ኢ.ኦ. ማለት መፈለጊያዎች አንድን ድረ ገጽ በቀላሉ እንዲያገኙትና እንዲረዱት አድርጎ ማሰናዳት ነው። በቃ። ጎግል ሥራውን በሦስት ደረጃ ይሠራል። መጀመሪያ ፕሮግራሙ በሊንክ ከገጽ ወደ ገጽ እየተሻገረ ያስሳል፤ ይህ «ክሮሊንግ» ነው። ቀጥሎ ያገኘውን ይመዘግባል፤ መዝገቡ «ኢንዴክስ» ይባላል። ሰው ሲጠይቀው ከመዝገቡ አውጥቶ በተራ ይደረድራል፤ ይህ «ራንኪንግ» ነው። መዝገብ ውስጥ ያልገባ ገጽ አንደኛ ቀርቶ ሺህኛም አይወጣም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንተኛ ነኝ?» ሳይሆን «ተመዝግቤያለሁ ወይ?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ጎግል ራሱ «ሰርች ኮንሶል» በሚባለው መሣሪያው መልስ ይሰጣል። ያውም በነጻ!

«ኪወርድ» ወይም ቁልፍ ቃል ሰው ሲፈልግ የሚጽፈው ቃል ነው። የኛ ጉድ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እንበልና ሆጤ ስታዲየም አካባቢ ፔንሲዮን አለዎት። «ሆጤ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከ«ሆቴል» የሚያንሰው በአንድ ፊደል ብቻ ነው፤ ማሽኑ «ሆቴል ሊል ፈልጎ ነው» ብሎ ቢያርመው አይፈረድበትም። ደሴን በላቲን አንዱ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው በሁለት ይጽፋታል። ኮምቦልቻን አንዱ በ«ኬ»፣ ሌላው በ«ሲ» ይጀምራታል። በዚያ ላይ ምሥራቅ ሐረርጌም ኮምቦልቻ አለች! ገጽዎ ላይ «ወሎ» የምትል ቃል ከሌለች እንግዳው የትኛዋ ኮምቦልቻ እንዳሉ በምን ይወቅ? አማርኛውም ቢሆን አይሻልም። ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ሃይቅ ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ኮምፒውተር ዘንድ ግን በሦስት የተለያዩ ፊደላት ይጀምራሉ። ይህን ሁሉ የሚያውቀው የአገሩ ሰው እንጂ የሩቅ ባለሙያ አይደለም።

መፍትሔው ታዲያ ቃሉን መቶ ጊዜ መደጋገም አይደለም። ያ «ኪወርድ ስተፊንግ» ይባላል፤ ጎግልም እንደ ማጭበርበር ይቆጥረዋል። ሰፈሩን፣ ከተማውንና ዞኑን ሰው እንደሚጠራው አድርጎ በግልጽ መጻፍ ይበቃል።

«ታይትል» የገጹ ርዕስ ነው፤ በውጤት ዝርዝሩ ላይ ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚታየው እሱ ነው። «ሆም» ብቻ የሚል ርዕስ ሱቅ ከፍቶ በሩ ላይ «በር» ብሎ እንደመጻፍ ነው። «ሜታ ዲስክሪፕሽን» ከርዕሱ ሥር የሚወጣ አጭር መግለጫ ነው፤ ደረጃ አይጨምርም፣ ሰው ገባ እንዲል ግን ይጋብዛል። «ሜታ ኪወርድስ» የሚባለውን ደግሞ ጎግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 በይፋ ተናግሯል። ዛሬም «ሃምሳ ኪወርድ ከጀርባ አስገባሁልዎት» ብሎ የሚያስከፍል ካለ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት እየሸጠ ነው።

«ባክሊንክ» ሌላ ድረ ገጽ ወደ እርስዎ የሚያመለክትበት ሊንክ ነው። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 የመሠረቱት ጎግል ከሌሎች የተለየው ይህንን ሊንክ እንደ ምስክርነት በመቁጠሩ ነው። ልጅ ሲዳር የሙሽራው ነገር ከጎረቤት እንደሚጠየቅ ማለት ነው። ዋናው የምስክሩ ማንነት ነው እንጂ ብዛቱ አይደለም። በገንዘብ የተገዛ ሊንክ የሐሰት ምስክር ነው፤ ሲነቃበት ደግሞ ባለቤቱን ይዞት ይወርዳል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ የፎቶው ነገር ነው። ዋጋው፣ ስልኩ፣ አድራሻው፣ የሥራ ማስታወቂያው፣ ሁሉም በሚያምር ፖስተር ላይ ተስሎ ይለጠፋል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በየፎንቱ የተጻፈው አማርኛ ለማሽን የላቲን ቅራቅንቦ ነበር። ባለሙያዎች ደክመው ፊደላችንን ማሽን የሚያነበው አደረጉልን፤ እኛ መልሰን በፎቶ ውስጥ ቀበርነው! ቢያንስ «ኦልት ቴክስት» የሚባለውን የፎቶ መግለጫ መጻፍ ምን ይከብዳል?

«ኧረ ተወን፣ ፌስቡክና ቲክቶክ አለን» የሚለኝ አይጠፋም። ይኑርዎት፣ ደንበኛ ያመጣሉ። ግን የኪራይ ቤት ናቸው፤ አከራዩ ደንቡን በፈለገ ቀን ይቀይራል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እዚህ ያለን ሰዎች መለጠፍ ተቸገርን፤ ውጭ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ድረ ገጽ ግን ዋሽንግተን ላለ ዘመድ መነበቡን አላቆመም። «አሁን ሰው የሚጠይቀው ኤአይን ነው» ለሚሉም፣ ኤአዩ ድር ላይ ፈልጎ ሲመልስ የሚያነበው ይኸንኑ የተጻፈ ገጽ ነው። እኛ ስለ ደሴ ካልጻፍን፣ አንድ ሌሊት አድሮ ያለፈ ቱሪስት የጻፈውን ይነግረናል።

ስለዚህ ብር ከመክፈልዎ በፊት አራት ነገር ይጠይቁ። ገጼ ኢንዴክስ ውስጥ መግባቱን አሳየኝ። ርዕሱ ምን ይላል? ስልኬና አድራሻዬ በጽሑፍ ነው ወይስ በፎቶ? ሰርች ኮንሶሉ የተከፈተው በማን ኢሜይል ነው፣ በኔ ወይስ ባንተ? «አንደኛ አወጣዎታለሁ» ካለዎት ደግሞ፣ አንደኝነትን ማንም ዋስ ሊሆንበት እንደማይችል ጎግል ራሱ እንደሚናገር ይንገሩት። ከተቆጣ ብሩን ኪስዎ ውስጥ ይተዉት።